መከራ ያየ ልጅ መልሶ እንዲቆም፦ ለወላጅ፣ ለጎረቤትና ለመምህር

ጅማ ውስጥ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ወንበርና ድስት ይወጣል። ቡና ይፈላል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይገባል፣ ይወጣል። ለአዋቂው ሁሉ ሥርዓት አለው። ልጁ ግን ብዙ ጊዜ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። "እንዳይሰማ" ይባላል። ማታ እንቅልፍ ሲጥለው ታቅፎ ይመጣል። ጠዋት ሲነሳ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፣ እናቱ ጥቁር ለብሳለች፣ የሆነውን የሚነግረው ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ አሳዳጊ ነው። ሞትን አብዝቼ የማነሳው በየቤቱ ስለሚገባ ነው እንጂ ነገሩ ለፍቺም፣ ለቤት ቃጠሎም፣ ለጎርፍም፣ ለመኪና አደጋም፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት ለተጠጋ ልጅም ይሠራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ልጅ በምክር አይጠነክርም። እ.ኤ.አ. በ1955 ካዋይ በምትባል የሃዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ተከታትላ ነበር። ድህነት፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ የወላጅ መጠጥ ወይም የአእምሮ ሕመም ከተደራረበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አደጉ። እነዚህ ልጆች በብዛት የሚጋሩት አንድ ነገር ነበር፦ የማይለዋወጥ፣ የሚያስብላቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ። ወላጅ መሆኑ ግድ አልነበረም። አያት ሊሆን ይችላል፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ሰው ሥራ ነው።

1. ያ ሰው ማን እንደሆነ ወስኑ

በለቅሶ ቤት ሁሉም ልጁን ያቅፋል፣ ሁሉም ከረሜላ ይሰጠዋል። ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ግን የሱ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ በግልጽ ተነጋገሩ። "ልጅቷን እኔ ነኝ የምከታተላት" የሚል አንድ ሰው ይውጣ። እናት በሐዘን ከተሰበረች ለጊዜው አክስት ትሁን፤ ነውር የለውም።

የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ይመስላል፦ ሲሄድ መናገር፣ ባለው ሰዓት መመለስ። "ገበያ ደርሼ ከምሳ በፊት እመጣለሁ" ካላችሁ ከምሳ በፊት ኑ። እንዳታለቅስ ብላችሁ ተደብቃችሁ አትውጡ። ሰው እንደወጣ ሊቀር እንደሚችል ገና ላወቀች ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ልጆቹን ለየዘመዱ ማከፋፈልም እዚህ ላይ ይነሳል። አንዱ አጋሮ፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ ትንሹ አያቱ ጋ። አቅም ሲጠፋ ይገባኛል። ግን ወንድምና እህትን አብሮ ማኖር የሚቻል ከሆነ ትንሽ ተጨናንቆም ቢሆን አብረው ይሁኑ። ካልተቻለም ልጁ ወዴት፣ ለምን፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ ከመሄዱ በፊት ይነገረው። መኪና ላይ ተጭኖ አይወቀው።

2. እውነቱን ንገሩት

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው።

ለአዋቂ መርዶ ስንነግር እንጠነቀቃለን። ንጋት ላይ፣ ዘመድ አጠገቡ ሆኖ። ለልጅ ሲሆን ግን ጥንቃቄያችን መደበቅ ይሆናል። "አባትህ ውጭ አገር ሄዷል።" "እማዬ ሲሻላት ትመጣለች።" ልጁ ይጠብቃል። በየበዓሉ በር በሩን ያያል። አንድ ቀን ሜዳ ላይ ከጓደኛው ጋር በኳስ ይጣላና "አባትህ እኮ ሞቷል!" ይባላል። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ነገር ለምን ይመን?

ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። ቁጭ በሉ፤ ፊታችሁ ከፊቱ እኩል ይሁን። የሚነግረው የሚያምነው ሰው ይሁን። ቋንቋም አስቡበት። ጅማ ውስጥ ብዙ ልጅ ትምህርት ቤት አንድ ቋንቋ፣ ከአያቱ ጋር ሌላ፣ ሰፈር ደግሞ ሦስተኛ ያወራል። ሲደነግጥና ሲያለቅስ በሚወጣው ቋንቋ ንገሩት፤ ኦሮምኛም ይሁን አማርኛ፣ ዳውሮኛም ይሁን የምኛ።

አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"አቡሽዬ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። ትናንት አባዬን መኪና ገጭቶት ነበር። ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞከሩ፤ አልተረፈም። አባዬ ሞቷል። ሞተ ማለት ሰውነቱ መሥራት አቁሟል ማለት ነው። አይተነፍስም፣ አያመውም፣ አይበርደውም። ተመልሶ አይመጣም። አንተ ምንም አላጠፋህም። እኔ እዚህ ነኝ፣ ማታም አብሬህ ነው የማድረው።"

ከዚያ ዝም በሉ። ምናልባት ያለቅሳል። ምናልባትም "ልጫወት?" ብሎ ይወጣል። "ይሄ ልጅ ልብ የለውም እንዴ?" አትበሉ። ልጅ ሐዘንን በጉንጭ በጉንጭ ነው የሚወስደው፤ ትንሽ ያዝናል፣ ትንሽ ይጫወታል፣ ተመልሶ ይመጣል።

"ተኝቷል" አትበሉት፤ መተኛት ይፈራል። "እግዜር ስለወደደው ወሰደው" የሚለውም ለአዋቂ መጽናኛ ነው እንጂ ልጁ "እኔንም ከወደደኝስ?" ብሎ ሌሊቱን ሊያስብ ይችላል። ሃይማኖታችሁ የሚያስተምረውን መናገር ጥሩ ነው፤ "ሞቷል" የሚለው ቃል በግልጽ ከተነገረ በኋላ ይሁን።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና አይገባውም። "መቼ ነው የሚመጣው?" ብሎ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። አሥሩንም ጊዜ በተመሳሳይ ቃል መልሱለት። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ደግሞ የሚያስደነግጥ ጥያቄ ያመጣሉ፦ "አፈሩ ውስጥ አይጨልምበትም?" አትቆጡ፣ መልሱ። በዚህ ዕድሜ "ስላስቸገርኩት ነው የሞተው" ብሎ ማሰብም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ሳይጠይቅ በፊት "በአንተ ምክንያት አይደለም" በሉ። ለፍቺም ይሄው ቃል ያስፈልጋል። ታዳጊ ከሆነ ሙሉውን ይንገሩት፤ ግማሹን ከደበቃችሁ ሌላውን ግማሽ ስልክ ላይ ያገኘዋል።

ለቅሶው ላይ ይገኝ ወይ? ይጠየቅ። የሚያየውን አስቀድማችሁ ንገሩት፦ "ሰዎች ይጮኻሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ስላዘኑ ነው። መውጣት ስትፈልግ እጄን ጎትት፣ እንወጣለን።" አልሄድም ካለም ይሁን። ቀብሩ እሱ ሳይኖር ከተፈጸመ ሌላ ቀን ቦታውን አሳዩት።

እናት ለሥራ አረብ አገር ስትሄድም መደበቅ አለ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ውላ ስትመጣ እናቷ የለችም። ከመሄዷ በፊት ይነገራት። ከዚያ በኢሞ የሚደወልበት ቀን አንድ ይሁን፤ ለምሳሌ አርብ ማታ። ስልኩ ያልመጣ እንደሆነም ለምን እንዳልመጣ ንገሯት።

3. ቀኑን አስተካክሉለት

ከለቅሶው በኋላ ያለው ሳምንት ለልጅ ግራ የሚያጋባ ነው። ሰው በማንኛውም ሰዓት ይገባል፣ እራት በአራት ሰዓት ይበላል፣ መኝታው ተቀይሯል። ስለዚህ የማይቀሩ ሦስት ነገሮች ምረጡ። ቁርስ፣ ትምህርት ቤት፣ መኝታ ይበቃሉ። ሌላው ቢዛባ ይዛባ።

መኝታው ላይ ጠበቅ በሉ። በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል፦ እግር መታጠብ፣ ጸሎት ወይም ዱዓ፣ አጭር ተረት፣ መብራት ማጥፋት። ለብዙ ልጅ ፍርሃት የሚመጣው ሲጨልም ነው። ለጥቂት ሳምንት አብራችሁት ብትተኙ አይበላሽም፤ ሲረጋጋ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ምግቡም የዚሁ አካል ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በጅማ ዞን ታዳጊዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ነበር። ቤታቸው ምግብ የሚያጥራቸው ልጆች ከትምህርት ይበልጥ ሲቀሩ፣ በክፍልም ወደ ኋላ ሲቀሩ ታይቷል። በአንድ ቤት ውስጥም ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ምግብ እንደሚያጥራቸው ተናግረዋል። እንግዲህ የሟች ልጆች እናንተ ቤት ከገቡ የማን ሳህን መጨረሻ ላይ እንደሚወጣ ተመልከቱ። የመጣችው ሴት ልጅ ሳህን እንዳይሆን።

4. ጠባዩ ሲቀየር አትደንግጡ

አልጋ ላይ መሽናት የተወ ልጅ ሊጀምር ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ እንደ ሕፃን ያወራል። አንዷ ቀሚስ ይዛ አትለቅም። ሌላው ሰው ይማታል። ሆድ ቁርጠትና ራስ ምታትም ይበዛል፤ አንዴ ጤና ጣቢያ አስመርምሩት፣ ምንም ከሌለ ግን "ውሸቱን ነው" አትበሉ። ሆዱ የእውነት ያመዋል።

ለሸናው ልጅ ደረቅ አንሶላ አጠገቡ አስቀምጡ። ጠዋት አብራችሁ አጥባችሁ ሌሎች ልጆች ሳያዩ አስጡ። በቃ። ዱላና ስድብ ሽንቱን አያቆሙትም። ከሁለት ወር ካለፈ ሐኪም ይየው።

ጨዋታውንም ተዉለት። ሬሳ ተሸክሞ የሚቀብር፣ ቤት ሠርቶ በእሳት የሚያጋይ ጨዋታ ለአዋቂ ጆሮ ይከብዳል፤ "ሟርተኛ" ብሎ የሚገርፍም አለ። ልጁ ግን ያየውን በእጁ እያገላበጠ ነው። ጨዋታው ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነና ልጁ ከጨረሰ በኋላ ይበልጥ ከተረበሸ ብቻ ጠጋ በሉና "አሁን ማን መጥቶ ይርዳቸው?" ብላችሁ ሌላ መንገድ ክፈቱለት።

የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ደግሞ ለዩ። ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም። ጎርፍ ቤቱን ሲወስድ ላየ ልጅ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዶፍ ድምፅ ብቻውን ያንን ሌሊት ይመልስበታል። ተነስቶ ይጮኻል፣ ጫማ ይፈልጋል፣ ታናሹን ይጎትታል። በዚያ ሰዓት "ምንም የለም፣ ተኛ" አይሠራም። መብራት አብሩ። ስሙን ጥሩ። "ዝናብ ነው። ያለነው አክስትህ ቤት ነው። ግድግዳውን ንካው፣ ደረቅ ነው" በሉት። ከዚያ አብራችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ለትንሽ ልጅ "ትኩስ ሻይ እናቀዝቅዝ" ማለት ይበቃል፤ በአፍንጫ አስገብቶ በአፍ ረዘም አድርጎ እፍ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ። ይሄን ቀን፣ ፀሐይ እያለ አለማምዱት። ሌሊት በድንጋጤ ላይ አዲስ ነገር አይማርም።

ባጃጅ ተገልብጦበት ባጃጅ የሚፈራ ልጅም በአንዴ አይሳፈር። መጀመሪያ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ይቁም። ሌላ ቀን ውስጡ ይቀመጥ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ከዚያ አጭር መንገድ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር። ከፈራ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ጨርሶ መተውም ግን ጥሩ አይደለም፤ የተተወ ፍርሃት ያድጋል።

5. "አንተ ነህ አባወራው" አትበሉት

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ የሰፈር ሽማግሌ ትከሻውን ይዘው "እንግዲህ ቤቱ ያንተ ነው፣ ለእናትህ ጠንከር በል፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም" ይሉታል። በቅን ልብ ነው። ልጁም ይሰማቸዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ማልቀስ ያቆማል፣ እናቱን ላለማስከፋት ስለ አባቱ መናገር ያቆማል፣ ከዚያ ሰው ሁሉ "ጎበዝ፣ ቻለው" ይላል። አልቻለም። ደበቀው።

እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ በአክብሮት አቋርጡ። "ልክ ነው ጋሼ፣ ቤቱን እኛ ትልልቆቹ እንይዘዋለን፤ እሱ ትምህርቱን ይማር።" ልጁ ሲሰማ በሉት።

እንዲናገር አታስገድዱት። አደጋውን ከሀ እስከ ፐ አስቀምጦ ማስተረክ ይጠቅማል የሚል አሳብ ነበር፤ ዛሬ ባለሙያዎች ገና የተጎዳን ሰው እንዲህ ማድረግን አይመክሩም። ይልቅ እጅ የያዘ ሥራ አብራችሁ ሥሩ። ምስር ልቀሙ፣ ቡና ልቀሙ፣ ደብተር ሸፍኑ። ዓይን ለዓይን መተያየት በሌለበት ልጅ ይናገራል። ሲጀምር ሥራውን አታቁሙ። "እንዴ፣ እሺ?" ብቻ በሉ። ምክር ለመስጠት ምላሳችሁ ሲበላችሁ ያዙት።

እናንተም ማልቀስ ትችላላችሁ። "አባዬ ናፍቆኝ ነው፤ ትንሽ አልቅሼ ቡና አፈላለሁ" የምትል እናት ልጇን ከመቶ ምክር በላይ አስተምራዋለች። ቀን ከሌት ከአልጋ የማትነሳ ከሆነ ግን እሷም ሰው ያስፈልጋታል። ጎረቤት "አይዞሽ" ብሎ ከመሄድ ልጆቹን ለግማሽ ቀን ቢወስድላት ይሻላል።

6. የሚችለውን ሥራ ስጡት

መከራ የልጅን እጅ ያስራል፤ ምንም ማድረግ አልቻለም ነበርና። ስለዚህ አድርጎ የሚጨርሰው ትንሽ ነገር ይኑረው። ዶሮዎቹን መመገብ፣ ለአያቱ ውኃ ማቅረብ፣ ታናሹን ፊደል ማስቆጠር። ምርጫም ስጡት፦ የትኛውን ሹራብ፣ ቅዳሜ ማን ጋ መሄድ። ሲሳሳት ቶሎ ነጥቃችሁ አትሥሩለት።

ልኩን ግን እወቁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ሲደርስ አባት የሌለው ልጅ ነው መጀመሪያ ከትምህርት የሚቀረው። ቅዳሜ መልቀም ሌላ ነገር ነው። ሰኞም ማክሰኞም ከሆነ ልጁ ሌላ ኪሳራ እየጨመረ ነው። እድሩ ወይም ዘመድ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚያዋጣበትን መንገድ ቶሎ ጠይቁ፤ ክረምቱ ሲያልቅ ሳይሆን።

7. መምህሩ ይወቅ

ልጁ ከመመለሱ በፊት የክፍል ኃላፊውን አግኙ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ተማሪው ሁሉ ፊት "የእከሌ አባት ሞቷል፣ አጽናኑት" እንዳይባል። ሲጨንቀው ሳያስፈቅድ ወጥቶ የሚቀመጥበት ቦታ እንዲኖር። ያመለጠው ትምህርት በአንዴ እንዳይጫንበት። ለመምህራን ደግሞ፦ በክፍል ስልሳ ተማሪ ይዛችሁ ብዙ እንደማይጠበቅባችሁ አውቃለሁ። ጠዋት በስሙ ሰላም ማለት ግን ጊዜ አይወስድም፣ ጥቅሙም ቀላል አይደለም።

8. ከእናንተ በላይ ሲሆን

አብዛኛው ልጅ በሳምንታት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። እነዚህን ካያችሁ ግን አትጠብቁ፦

- ከአንድ ወር በላይ ቅዠት፣ ድንጋጤ፣ ወይም ከሰው መሸሽ ካልቀነሰ
- መብላት፣ መተኛት ወይም ትምህርት ጨርሶ ከተወ
- ራሱን የሚጎዳ ከሆነ፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" ካለ
- ታዳጊው ጫትና መጠጥ ላይ ከወደቀ

ጫቱን ለብቻው ልንገራችሁ። በእኛ አካባቢ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ በርጫ ላይ ቢቀመጥ የሚገረም የለም። ሐዘንተኛ ሲሆን ግን እንቅልፉን ይወስድበታል፣ ያለ እንቅልፍ ደግሞ ሐዘኑ ይብስበታል።

"ብሞት" ካለ በቀጥታ ጠይቁት፦ "ራስህን ለመግደል እያሰብክ ነው?" መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብቻውን አትተዉት። ፀረ አረምና ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የቀረ ኪኒን ሁሉ ዛሬውኑ ይቆለፍበት። ከዚያ ሐኪም ቤት። ጅማ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። "እብድ ነው ይሉታል" ብላችሁ አትቅሩ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ የታዘዘውን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ልጁ ወይም ልጅቷ ተደፍረው ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። አትጠቧት፣ ልብሷንም አትጠቡ፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ፖሊስ ይወቅ። ሽማግሌ ልኮ በካሳ መጨረስ ለልጅቷ የሚነግራት ነገር አንድ ነው፦ ያንቺ ነገር በብር ይታለፋል። "አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" የሚለውን ከእናንተ ትስማ፤ ከዚያ ከደፋሪው ጋር ዳግም አንድ ግቢ እንዳትውል አድርጉ።

9. አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ በዓሉ

ልጁ ደህና ሆኖ ከርሞ በድንገት ሊከፋው ይችላል። ቀን ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ሙት ዓመቱ ቀርቧል፣ ወይም መስቀል፣ ወይም ኢድ። ሳምንት ሲቀረው አንሱት። "በዓሉ ያለ አባዬ ሊከብደን ይችላል። ምን እናድርግ?" አንዱ ሻማ ይላል፣ አንዱ አባቱ የሚወደውን ምግብ፣ አንዱ ከቤት ወጥቶ ዘመድ ጋ መዋል። የሚሉትን አድርጉ።

ዕድሜው ሲጨምር ጥያቄው ይመለሳል። በአምስት ዓመቱ የነገራችሁትን በአሥር ዓመቱ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ አሁን የሚገባው ሌላ ነው። ከፊተኛው ጨምራችሁ ንገሩት። የሟች ፎቶ፣ ስልክ ላይ የቀረ ድምፅ፣ አንድ ልብስ አስቀምጡለት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ድምፁን ሁለት ቦታ ቅዱ። ፎቶውንም ሁለት አሳትሙ፤ አንዱን ለራሱ ስጡት፣ ሌላው እናንተ ጋ ይቀመጥ።